ጥያቄ አለኝ፦ ድርቅና ጨው ሲመጣ ተክል ስኳሩን ምን ያደርግበታል?

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁና ተራርቀው የሚኖሩ ቢሆኑም፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ሁሉም ስለ ተክል ስኳር ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። መልሶቹ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ የሁለተኛው ደብዳቤ ጥያቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚፈልግ በመሆኑ ሌሎቹን በመጠኑ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በአሚባራ አካባቢ ከአዋሽ ወንዝ በመስኖ ሽንኩርትና በቆሎ አመርታለሁ። መሬቱ ከዓመት ወደ ዓመት ነጭ ጨው እያወጣ ነው፤ የሰብሉም ቅጠል ከጫፉ እየተቃጠለ ይቀጭጫል። አንድ የማውቀው ሰው፣ ‹‹ተክል ጨውን የሚቋቋመው በስኳር ነው፤ ሞላሰስ በውሃ በጥብጠህ አጠጣው፣ ቅጠሉም ላይ ርጭበት›› አለኝ። ልሞክረው ወይስ ገንዘቤን ላስቀምጥ?
(አንባቢ፣ ከአሚባራ)

መልስ፦ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ሰውዬው አልዋሸዎትም፤ ነገሩን ግን ገልብጦታል። ተክልን ከጨው የሚከላከለው ስኳር ተክሉ ራሱ በቅጠሉ ሠርቶ በሕዋሱ ውስጥ የሚያከማቸው እንጂ ከውጭ በሥሩ ላይ የሚፈስለት አይደለም። ውሃ ሁልጊዜ የሚያዘነብለው የሟሟ ነገር ወደበዛበት ወገን ነው፤ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃውን የሚለቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በጤናማ መሬት ላይ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ ይልቅ የወፈረ ስለሆነ ውሃው ወደ ሥሩ ይገባል። አፈሩ ጨው ሲይዝ ግን ሚዛኑ ይዛባና መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። በዚህ ላይ ሞላሰስ ሲያፈሱበት፣ ሥሩ የሚታገለውን ያንኑ የውጭውን ወገን በገዛ እጅዎ እያወፈሩበት ነው፤ ሞላሰስ ራሱም ከስኳሩ ጋር ብዙ ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎችን ይዞ ይመጣል። የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ስኳሩን ባገኙ ጊዜ በፍጥነት ይራባሉ፤ ለመራባትም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ስለሚሻሙ ሽንኩርቱ ለጊዜው ይገረጣል። ቅጠሉ ላይ ቢረጩት ጉንዳንና ሻጋታ ይጠሩበታል። ሞላሰሱን ያገኙት በርካሽ ከሆነ ለከብቶችዎ መኖ ቢያደርጉት ይሻላል።

ተክሉ በውስጡ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ጨውን በመጠኑ የሚችሉ ሰብሎች ወደ ቅጠላቸው የደረሰውን ሶዲየም በሕዋሱ መካከል ባለው ትልቅ የውሃ ከረጢት ውስጥ ዘግተው ያስቀምጡታል። ከከረጢቱ ውጭ ያለው፣ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች የሚሠሩበት የሕዋሱ ክፍል ግን ውሃውን ለከረጢቱ እንዳያስረክብ እሱም በእኩል መጠን መወፈር አለበት፤ በጨው ቢወፍር ደግሞ ኢንዛይሞቹ ይበላሻሉ። ስለዚህ ሕዋሱ በብዛት ቢከማቹም ጉዳት የማያደርሱ ነገሮችን ይሞላበታል፤ ከእነዚህም መካከል ሱክሮስና ማኒቶል የሚባለው የስኳር አልኮል፣ እንዲሁም ከስኳር ወገን ያልሆኑት ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይን ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። የሕዋስ የኃይል መገበያያ በሆነው በኤቲፒ ሲሰላ፣ አንድ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሶዲየም በቅጠል ውስጥ ማከማቸት ወደ 7 ሞል ኤቲፒ ሲጠይቅ፣ ያንኑ ያህል ማኒቶል መሥራት ወደ 34፣ ሱክሮስ መሥራት ደግሞ ወደ 52 ሞል ይጠይቃል። የእርስዎ በቆሎ ሳይሞት ቀጭጮ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ለዕድገትና ለፍሬ የሚሆነውን ለመከላከያ ያውለዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅምዎ የሰብል ምርጫዎን እንደገና ማየት ነው። የአፈር ጨዋማነት የሚለካው አፈሩ በተበጠበጠበት ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ሲሆን፣ ምርት መቀነስ የሚጀምርበት ልክ ለሽንኩርት 1.2፣ ለበቆሎ 1.7፣ ለቲማቲም 2.5 ዴሲሲመንስ በሜትር አካባቢ ነው፤ ለስንዴ ወደ 6፣ ለጥጥ ወደ 7.7፣ ለገብስ ወደ 8 ይደርሳል። እንደሚያዩት፣ የመረጧቸው ሁለቱ ሰብሎች ከሁሉም ይልቅ ጨውን የሚፈሩ ናቸው። በአካባቢዎ ጨው የሚወጣበት ዋናው ምክንያት ማፋሰሻ ቦይ በሌለበት መሬት ላይ ለረጅም ዓመታት ብዙ ውሃ በመለቀቁ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መቅረቡ ስለሆነ፣ ማፋሰሻ ሳይኖር አብዝቶ ማጠጣት ጨውን ከማጠብ ይልቅ ይጨምረዋል። ወረር የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ከእርስዎ ሩቅ አይደለምና አፈርዎን ማስመርመር የሚቻልበትን መንገድ እዚያ ይጠይቁ። ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም አፈሩን አጣብቆ ውሃ አላሰርግ ባለበት መሬት ላይ ነው፤ ለማንኛውም ጨዋማ መሬት መድኃኒት አድርገው የሚሸጡ ሰዎች አሉና ከመግዛትዎ በፊት የምርመራውን ውጤት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ትሬሃሎስ የተባለውን ስኳር የሚሠሩ የባክቴሪያ ዘረመሎች ወደ ሩዝ ገብተው ሩዙ ድርቅንና ጨውን እንደቻለ ተምረናል። መምህራችን ግን በሩዙ ውስጥ የተገኘው የስኳር መጠን እጅግ ጥቂት እንደነበረ ነገሩን። ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት ስኳር ተክልን እንዴት ሊያድን ይችላል?
(ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መምህርዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ የጠየቁትም ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ያስቸገረ ጉዳይ ነው። ለመረዳት እንዲቀል መጀመሪያ ስኳሩ በብዛት ከሚገኝበት እንነሣ።

ትሬሃሎስ ከሁለት ግሉኮሶች የተሠራ፣ ጣፋጭነቱ የሻይ ስኳርን ግማሽ ያህል የሆነ ስኳር ነው። ከሱቅ የሚገዙት ደረቅ የዳቦ እርሾ ለወራት በማሸጊያው ውስጥ ቆይቶ ለብ ባለ ውሃ ሲነካ የሚነቃው በአመዛኙ በዚህ ስኳር ምክንያት ነው፤ ትሬሃሎስ ከእርሾው ደረቅ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። (በነገራችን ላይ፣ በአንበጣ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ዋነኛ ስኳርም ትሬሃሎስ ነው። ሰብላችን በጥቂቱ የሚሠራውን ስኳር፣ ሰብላችንን የሚበላው ነፍሳት ለመብረሪያ ነዳጁ ያደርገዋል።) የሕዋስ ሽፋን ቅርጹን ጠብቆ የሚቆየው በዙሪያው ባለው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ሽፋኑ ይጣበቃል፣ ውሃ ሲመለስም ይቀደዳል። ጆን ክሮውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ባደረጓቸው ሙከራዎች ትሬሃሎስ ውሃው ይይዘው በነበረው ቦታ ገብቶ ሽፋኑን እንደሚደግፍ አሳዩ። ከዚህ በተጨማሪ ስኳሩ ሲደርቅ ክሪስታል ከመሆን ይልቅ እንደ ከረሜላ ወደ መስታወትነት ይለወጣል፤ በውስጡ የተያዙት ፕሮቲኖችም ባሉበት ይቆማሉ፣ እርስ በርሳቸው አይጣበቁም። ተክሎችና እርሾዎች ለዚህ ሥራ ግሉኮስን ሳይሆን ትሬሃሎስን፣ ሱክሮስንና ራፊኖስን የመረጡበትም ምክንያት አለ፤ ግሉኮስ ከፕሮቲን ጋር ይዋሐዳል፣ የዳቦን ቅርፊት በእሳት ቡናማ የሚያደርገውም ይኸው ዓይነት ውሕደት ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ጫፎቻቸው የተዘጉ ስለሆኑ ፕሮቲኑን አይነኩም።

አሁን ወደ ሩዙ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሬይ ዉ ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተወሰዱ ሁለት ዘረመሎች ተጣምረው ወደ ባስማቲ ሩዝ ገቡ፤ የሩዙ ትሬሃሎስ ከ3 እስከ 10 እጥፍ ጨመረ፣ ጨውን፣ ድርቅንና ቅዝቃዜን የመቋቋም ችሎታውም ተሻሻለ። ይሁንና መነሻው ከቁጥር የማይገባ ስለነበር፣ 10 እጥፍ ሆኖም ቢሆን የሕዋሱን ፈሳሽ ለማወፈር ወይም ሽፋኑን ለመደገፍ የሚበቃ አልነበረም። በእርሾው ውስጥ ያየነው ዓይነት መከላከያ በሩዙ ውስጥ ሊኖር አይችልም ማለት ነው።

ተመሳሳይ እንቆቅልሽ በስንዴ ላይም ታይቷል። ጥላሁን አበበና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ማኒቶል እንዲሠራ የተደረገ ስንዴን ከተራው ጋር አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃ በተከለከለ ጊዜ የተራው ስንዴ ደረቅ ክብደት በ56 በመቶ ሲቀንስ የባለማኒቶሉ የቀነሰው በ8 በመቶ ብቻ ነበር፤ በጨው ደግሞ ቅነሳው ለተራው 73፣ ለባለማኒቶሉ 30 በመቶ ሆነ። ይህን በሚያህል ልዩነት መካከል የተጠራቀመው ማኒቶል ውሃን በመያዝ ብቻ ተክሉን ለማዳን እጅግ ጥቂት መሆኑን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል። ይህን ሐቀኝነታቸውን እንወድላቸዋለን፤ ‹‹ስኳሩ ውሃ ያዘ›› ብለው ቢያልፉት የሚጠይቃቸው ብዙ ሰው ባልኖረ ነበር። ሌላ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ማኒቶል በድርቅ ጊዜ የሚበዙትን ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች፣ በተለይም ሃይድሮክሲል የሚባለውን፣ ማምከኑ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከፍተኛ መጠን አያስፈልግም።

ትሬሃሎስን በተመለከተ መልሱ የተገኘው ከስኳሩ ሳይሆን ስኳሩ ከመሠራቱ በፊት ካለው ደረጃ ነው። ተክሉ ትሬሃሎስን ሲሠራ መጀመሪያ ፎስፌት የተያያዘበትን ትሬሃሎስ-6-ፎስፌትን ይሠራል፤ ይህ ሞለኪውል ለተክሉ እንደ መልእክተኛ ያገለግላል። በሕዋሱ ውስጥ ሱክሮስ ሲበዛ እሱም ይበዛል፣ ሱክሮስ ሲጎድል እሱም ይጎድላል፤ መጠኑም የሚነግረው ሕዋሱ የጠገበ ወይም የተራበ መሆኑን ነው። ሲበዛ፣ ረሃብን የሚቆጣጠረውንና ስኒርክ-1 የተባለውን ኢንዛይም ያግደዋል፤ ተክሉም ወደ ማደግ ይዞራል። ስለዚህ በሩዙ ውስጥ የገቡት ዘረመሎች ተክሉን ያገዙት ስኳር በማከማቸት ሳይሆን ስለ ስኳር የሚተላለፈውን መልእክት በመለወጥ እንደሆነ ይታመናል። በመልእክት ደግሞ መጠን አይጠየቅም፤ ቁም ነገሩ መቼና የት እንደደረሰ ነው።

የዚህ ግንዛቤ ጥቅም በይበልጥ የታየው በበቆሎ ነው። በቆሎ በድርቅ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ በሚያብብበት ሰሞን ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ስኳር ያላገኘ እሸት ፍሬውን ያጨነግፋል፣ ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣም የጠፋው ፍሬ አይመለስም። የሲንጀንታ ኩባንያና በእንግሊዝ አገር የሮትሃምስቴድ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ትሬሃሎስ-6-ፎስፌትን የሚሰብር የሩዝ ኢንዛይም በለጋው እሸት ውስጥ፣ በአበባው ወቅት እንዲሠራ አደረጉ። መልእክተኛው ሲቀንስ እሸቱ የተራበ ያህል ሆኖ ሱክሮስ ወደ ራሱ ሳበ። ውጤቱ በበርካታ ቦታዎችና ወቅቶች በማሳ ላይ ሲለካ ምርቱ ድርቅ ባልነበረበት ወይም ቀለል ባለበት ጊዜ ከ9 እስከ 49 በመቶ፣ ድርቁ በከፋበት ደግሞ ከ31 እስከ 123 በመቶ ጨመረ። ልብ ይበሉ፣ በሩዙ የታሰበው ስኳሩን በተክሉ ማብዛት ነበር፤ በበቆሎው የተደረገው መልእክተኛውን በአንድ ብልት፣ በአንድ ሰሞን መቀነስ ነው።

ለፈተና ሳይሆን ለሥራዎ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ስንዴና ገብስ በጥሩ ጊዜ የተረፋቸውን ስኳር ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አድርገው በአገዳቸው ያስቀምጣሉ፤ ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆምና ቅጠሉ ሲደርቅ ከአገዳው አውጥተው ፍሬውን ይሞሉበታል። በጥሩ ወቅት ከፍሬው ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ቁጠባ ሲመጣ፣ በመጨረሻ ላይ ድርቅ በገባበት ማሳ ድርሻው እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ይህ ባሕርይ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ዘረመል ከሌላ ፍጡር ማምጣት ሳያስፈልግ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ሊመረጥ ይችላል። በእኔ አስተያየት ለአገራችን ስንዴ አብቃይ ከትሬሃሎሱ ይልቅ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ድርቅን እንዲችሉ ተብለው በምሕንድስና ተሠርተው ገበያ የደረሱት ታዋቂ ሰብሎችም ቢሆኑ፣ ከባክቴሪያ የተወሰደ የቅዝቃዜ ፕሮቲን የያዘው የአሜሪካ በቆሎና ከሱፍ አበባ የተወሰደ ዘረመል የያዘው የአርጀንቲና ስንዴ፣ በስኳር ላይ የተመሠረቱ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ደርቀው ከሞቱ በኋላ ዝናብ ሲነካቸው የሚነሡ ተክሎች መኖራቸውንና ከመካከላቸው አንዱ የጤፍ ዘመድ መሆኑን ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ጤፍን እንደ እሱ ማድረግ አይቻልም? እናቴ ያደገችው በድርቅ በተደጋጋሚ በተጠቃ አገር ስለሆነ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።
(አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ‹‹ከሞቱ በኋላ›› የሚለውን ብቻ እናርመው፤ አልሞቱም። የሰሙለት ሣር ሳይንሳዊ ስሙ ኤራግሮስቲስ ኒንደንሲስ ሲሆን በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ ጤፍም ኤራግሮስቲስ ጤፍ ተብሎ ከእሱ ጋር በአንድ ወገን ይመደባል። ሣሩ ውሃውን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አጥቶ ገለባ ከመሰለ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ እንደገና ይለመልማል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲዋ ጂል ፋራንት እንዲህ ያሉ ተክሎችን ለአሠርት ዓመታት ያጠኑ ሲሆን፣ የዚህ ሣር የዘረመል ንባብ ከጤፍ ጋር ተነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

ሰማይ ጠቀስ ምሥጢር አድርገን እንዳናየው፣ ጤፍ ራሱ ይህን ችሎታ አያጣውም፤ ያለው ግን በዘሩ ውስጥ ነው። በጎተራ ያለ የጤፍ ዘር ደርቆ ይቀመጣል፣ እርጥበት ሲያገኝም ይበቅላል። ዘሩን የሚጠብቁት ሱክሮስ፣ የራፊኖስ ወገን ስኳሮችና ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ልዩ ፕሮቲኖች ናቸው። የሚነሡት ተክሎች ያደረጉት ይህንኑ የዘር መከላከያ በቅጠላቸው ውስጥም መጠቀም ነው ተብሎ ይታሰባል። በአገራችን ዓለታማ ሥፍራዎች የሚገኘው ክራተሮስቲግማ ፕላንታጂኒየም የተባለው ትንሽ ተክል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በእርጥበት ጊዜ በቅጠሉ ኦክቱሎስ የሚባል እንግዳ ስኳር ያከማቻል፣ መድረቅ ሲጀምር ግን ኦክቱሎሱን በብዛት ወደ ሱክሮስ ይለውጠዋል፣ ቅጠሉንም አጣጥፎ ይተኛል። ዝናብ ሲመጣ መልሶ ይለውጠዋል።

ጤፍን እንዲህ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሲጠይቁ ግን አብሮ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ አራሹ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚነሡት ተክሎች በአብዛኛው አጫጭርና ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ በተኙበት ጊዜም ምንም አይሠሩም። ለሦስት ሳምንት ዝናብ አቋርጦ ቢመለስ፣ ቡቃያው ተኝቶ የሚጠብቅ ጤፍ ለገበሬው ዳግመኛ ከመዝራት ያድነው ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዝናቡ ጨርሶ ባይመለስ ግን በሕይወት የቆየ ጤፍ ፍሬ ካላፈራ ለጎተራ የሚገባ ነገር የለም። ለዚህ ነው የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች እንደ ጸደይና ቦሰት ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ያወጡት፤ እነዚህ ከድርቁ ጋር ከመታገል ይልቅ ቀድመውት ያፈራሉ። የኒንደንሲስ ጥናት ገና በላቦራቶሪ ያለ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ዘረመሎች ተቀናጅተው የሚሠሩት ስለሆነ በአንድ ዘረመል ዝውውር የሚፈጸም አይመስለንም።

ጥያቄ፦ ባቄላና ሽምብራ ሆድ የሚነፉት በስኳር ምክንያት ነው ይባላል። ስኳሩ ለተክሉ የሚጠቅመው ነገር ከሌለ ለምን ከዝርያው አይወገድም?
(የቤት እመቤት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይጠቅመዋል። ሆድ የሚነፉት ራፊኖስ፣ ስታኪዮስና ቬርባስኮስ የተባሉት ስኳሮች ናቸው፤ የሰው አንጀት የሚሰብራቸው ኢንዛይም ስለሌለው ወደ ታችኛው አንጀት ሳይፈጩ ይደርሱና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያቦኳቸው ጋዝ ይወጣል። ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢያችን እንደገለጽነው ደረቁን ዘር ከሚጠብቁት መካከል እነዚሁ ስኳሮች ይገኛሉ፤ ዘሩ ሲበቅልም የመጀመሪያ ስንቁ ይሆናሉ። ስለዚህ ከዝርያው የሚያስወግዳቸው አዳቃይ ዘሩ በመጋዘን የሚቆይበትን ጊዜና የአበቃቀሉን ኃይል አብሮ መፈተሽ ይኖርበታል።

እርስዎ ግን በቤትዎ ሊያስወግዷቸው ይችላሉ። ስኳሮቹ በውሃ ስለሚሟሙ፣ ጥራጥሬውን አሳድረው ዘፍዝፈው የዘፈዘፉበትን ውሃ ቢደፉትና በአዲስ ውሃ ቢቀቅሉት ብዙው ይወጣል። ከዚህም የሚሻለው በቆልት ማድረግ ነው፤ ባቄላው ጎንቆሎ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ለሆድዎ ያስቸገረውን ስኳር ለዕድገቱ ራሱ በልቶት ይጠብቅዎታል።